ባክቴሪያዎች እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት መርዝ

ስለ ረቂቃን ተሕዋስያን በምንጽፍበትና በምንናገርበት ጊዜ ሁሉ እነርሱን የሰው ልጅ ጠላት አድርገን ማቅረብ ልማዳችን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሳንባ ነቀርሳን፣ ኮሌራን፣ የአንጀት ተስቦንና የደም ተቅማጥን የሚያመጡት ከእነርሱ ወገን ናቸውና። ነገር ግን እነዚሁ ተሕዋስያን ከሰው ጋር ከሚያደርጉት ጦርነት ይልቅ እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ጦርነት እጅግ የቆየና የበረታ መሆኑን የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። በዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ስለማይታይ ጦርነት፣ ይልቁንም ባክቴሪያዎች ተቀናቃኞቻቸውን ለማጥፋት ስለሚሠሩት መርዝ እንናገራለን። ነገሩ ለዕውቀት ያህል ብቻ የሚነገር አይደለም። በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠው የመድኃኒት ብልቃጥና በተቅማጥ ከታመመው ሕፃን ሕይወት ጋር የተያያዘ መሆኑን አንባቢ ወደ ፍጻሜው ሲደርስ ይገነዘበዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነቱ ስለ ምን ይደረጋል?

ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ በሰውና በከብት አንጀት ውስጥ የሚኖር ነው። ከትንሽነቱ የተነሣ አምስት መቶዎቹ በተርታ ቢሰለፉ ርዝመታቸው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ምግብና ሙቀት በተመቸው ጊዜ በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። መምህራን ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተማሪዎቻቸው ጋር ቢያሰሉት፣ አንዱ ባክቴሪያ በ10 ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜ ተባዝቶ ከ1,000 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ያገኙታል። እንግዲያውስ ዓለም በሞላ በኮላይ ያልተሸፈነችው ስለ ምንድን ነው? መልሱ አጭር ነው፤ ምግቡም ቦታውም ያልቃል።

ሊቃውንት በ2016 ባወጡት ግምት መሠረት በአንድ ሰው አካል ውስጥና ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች 38 ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከእነዚህም የሚበዙት የሚገኙት በትልቁ አንጀት ነው። በዚህ ሥፍራ ባዶ መሬት የለም። አንዱ የሚበላው ፍርፋሪ ከሌላው የተነጠቀ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚጣሉትም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ዓይነት ምግብ ስለሚበሉና አንድ ዓይነት ቦታ ስለሚሹ ነው። የአንድ አባት ልጆች በርስት ምክንያት ከባዕድ ሰው ይልቅ እርስ በርሳቸው እንደሚካሰሱ ሁሉ፣ የኮላይ ብርቱ ባላጋራ ሌላው የኮላይ ዝርያ ነው። ስለሆነም ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ዘመዶቻቸውን ለይቶ የሚገድል መርዝ ይሠራሉ። ይህ መርዝ በጠቅላላው ባክቴሪዮሲን ሲባል፣ ኮላይ የሚሠራው ደግሞ ኮሊሲን ይባላል።

መርዙ እንዴት ታወቀ?

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1917፣ አልፍሬድ ኒስለ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም አንድ ነገር ተመለከተ። በባልካን አገር ከዘመቱት ወታደሮች ብዙዎቹ በተቅማጥ በሽታ ሲወድቁ አንዱ ወታደር ግን ሳይታመም ቀረ። ኒስለ ከዚህ ሰው ዓይነ ምድር አንድ የኮላይ ዝርያ ለይቶ አወጣ። ይህ ዝርያ እስከ ዛሬ ድረስ በሐኪሙ ስም ይጠራል፤ ማይክሮሲን የሚባሉ ትናንሽ መርዞችን እንደሚሠራም ኋላ በምርምር ታውቋል።

መርዙን ራሱን ለይቶ ያሳየው ግን አንድሬ ግራሲያ የተባለ ቤልጂካዊ ሊቅ ነው። እርሱ በ1925 እንደ ገለጠው፣ አንዱ የኮላይ ዝርያ ካደገበት ፈሳሽ ጥቂት ተወስዶ ሌላው የኮላይ ዝርያ ባለበት ቢጨመር ሁለተኛው ማደጉን ያቆማል። ኮሊሲን የሚለውን ስም ግራሲያና ባልደረባው ፒየር ፍሬደሪክ በ1946 ሰጡት። በ1953 ደግሞ ፍራንስዋ ዣኮብ፣ አንድሬ ሉዎፍና ባልደረቦቻቸው ባክቴሪዮሲን የሚለውን ሰፊ ስም አወጡለት።

እኛም በውጭ አገር ትምህርት ላይ በነበርንበት ጊዜ ይህን በዓይናችን ለማየት ችለናል። መምህራችን ክብ በሆነ የመስታወት ሳሕን ውስጥ፣ አጋር በሚባል ከባሕር አረም በሚገኝ የረጋ ነገር ላይ፣ አንዱን የኮላይ ዝርያ እንደ ሊጥ አዳርሰው ቀቡት። በመካከሉም ከሌላው ዝርያ አንዲት ጠብታ አኖሩ። በማግሥቱ ጠዋት ስንመለስ ሳሕኑ በሙሉ እንደ ጉም ደፍርሶ፣ በጠብታዋ ዙሪያ ግን እንደ አውድማ የጠራ ክብ ቦታ ወጥቶ አገኘን። በዚያ ክብ ውስጥ አንድም የሚበቅል አልነበረም። ማይክሮስኮፕ እንኳ ሳያስፈልገን የጦርነቱን ሜዳ አየነው።

መርዙ እንዴት ይገድላል?

ኮሊሲን ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያ በግድግዳ የታጠረ ስለሆነ መርዙ እንዲሁ ዘው ብሎ ሊገባበት አይችልም። ስለዚህ ኮሊሲን ባላጋራው ለራሱ ጥቅም ባበጀው በር ይጠቀማል። ኮላይ ቪታሚን ቢ12ን ለማስገባት በውጭ ግድግዳው ላይ ልዩ በር አለው፤ ብረትን ለማስገባትም እንዲሁ ሌሎች በሮች አሉት። አንዳንዱ ኮሊሲን ከቪታሚኑ በር፣ አንዳንዱም ከብረቱ በር ላይ ተጣብቆ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። መርዙ ዘመዱን ብቻ የሚገድልበትም ምክንያት ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ በር የሌለው ሩቅ ባክቴሪያ አይነካም።

ከገባ በኋላ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን የሕዋሱን ውስጠኛ ሽፋን ይበሳል፤ በዚህም ጊዜ ሕዋሱ ኃይሉን እንደ ተቀደደ አቁማዳ ያፈስሳል። ሁለተኛው ወገን የዘር ውርስ የተጻፈበትን ዲ ኤን ኤ ይቆራርጣል። ሦስተኛውም ፕሮቲን የሚሠራበትን የሕዋሱን መሣሪያ፣ ሪቦሶምን፣ በአንድ ቦታ ላይ ቆርጦ ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። የሚያስደንቀው የመርዙ ብርታት ነው። አንድ ሕዋስ ለመግደል ብዙ ቅንጣት መከማቸት ግድ አይደለም፤ በሚገባ የገባ አንድ ቅንጣት ሊበቃው እንደሚችል በምርምር ታይቷል።

አስተዋይ ተማሪ እዚህ ላይ «ታዲያ መርዙ ሠሪውን ራሱን ስለ ምን አይገድለውም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መርዙን የሚሠራው ባክቴሪያ ማርከሻውንም አብሮ ይሠራል። ማርከሻው ከመርዙ ጋር ተጣብቆ ክፉ ሥራውን ያግድበታል። የሁለቱም ትእዛዝ በአብዛኛው የሚጻፈው ፕላዝሚድ በሚባል በትንሽ የዲ ኤን ኤ ቀለበት ላይ ጎን ለጎን ስለሆነ፣ መርዙን የወረሰ ልጅ ማርከሻውንም ይወርሳል።

ሆኖም ኮሊሲን ያለ ዋጋ አይገኝም። ብዙዎቹ ኮሊሲኖች ከሠሪያቸው ሕዋስ የሚወጡበት መንገድ ስለሌላቸው፣ ሕዋሱ ፈንድቶ በመሞት ያፈስሳቸዋል። በአንድ ጊዜ ይህን የሚያደርጉት ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት እኅቶቻቸው ግን ማርከሻ ስላላቸው ድነው፣ ባላጋራው የለቀቀውን ምግብና ቦታ ይወርሳሉ። ይህን ስንል ባክቴሪያ እንደ ሰው አስቦና ፈቅዶ ራሱን ይሠዋል ማለታችን አይደለም። ሐሳብም ፈቃድም የለውም፤ እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ዝርያ በዘመናት ብዛት ተርፎ መገኘቱን መናገራችን ነው።

አሸናፊው ማን ነው?

እንግዲህ መርዝ ያለው ሁሉንም አጥፍቶ ብቻውን ሊነግሥ ይገባው ነበር ያሰኛል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1981 ሊን ቻኦና ብሩስ ሌቪን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ኮሊሲን የሚሠራውን ዝርያ ከማይሠራው ጋር አንድ ላይ አሳደጉ። በሚናወጥ ፈሳሽ ውስጥ መርዘኛው ከመቶ ሁለት ያህል ካነሰ ሊያሸንፍ አልቻለም። መርዙና የተለቀቀው ምግብ በፈሳሹ ሁሉ ስለሚበተን፣ ጥቅሙን ሌላው እኩል ይካፈለዋል፤ የመርዙን ዋጋ ግን መርዘኛው ብቻውን ይከፍላል። በለስላሳ አጋር ላይ ባሳደጉት ጊዜ ግን ከአንድ ሚሊዮን አንድ ብቻ ሆኖ ቢጀምር እንኳ አሸነፈ። በዙሪያው የጸዳው ቦታና የቀረው ምግብ ለራሱ ወገን ብቻ ይሆናልና። ከዚህ የምንማረው የመሣሪያ ጥቅም በሚኖሩበት ሥፍራ ሁኔታ የሚወሰን መሆኑን ነው።

በ2002 ደግሞ ቤንጃሚን ከርና ባልደረቦቹ ሦስት የኮላይ ዝርያዎችን አገናኙ። አንዱ ገዳይ፣ ሁለተኛው በመርዙ ተጠቂ፣ ሦስተኛው መርዙን ተቋቋሚ ነበር። ገዳዩ ተጠቂውን ይገድላል። ተቋቋሚው መርዝ የመሥራት ዋጋ ስለማይከፍል ገዳዩን በእድገት ይቀድመዋል። ተጠቂው ደግሞ በሩን ስላላጠበበ ከተቋቋሚው ፈጥኖ ያድጋል። እንዲህም ሆኖ ሦስቱ በክብ ይሳደዳሉ። በሳሕን ላይ በየሠፈራቸው ሲኖሩ ሦስቱም ቆዩ፤ በሚናወጥ ፈሳሽ ውስጥ ሲደባለቁ ግን ተቋቋሚው ብቻ ቀረ። በተፈጥሮ ብዙ ዓይነት ተሕዋስያን ጎን ለጎን ሊኖሩ ከሚችሉበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

መርዙ ለእኛ ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት?

መሣሪያው ለያዘው ሁሉ ያገለግላል። የደም ተቅማጥ ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነው ሺጌላ ሶኔይ ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ ኮሊሲን ይሠራሉ። የኮሌራም ባክቴሪያ ከአጠገቡ ያለውን ባላጋራ እንደ ጦር ወግቶ መርዝ የሚያስገባበት መሣሪያ እንዳለው በ2006 ተገልጧል። በአንጻሩ ደግሞ ወተትን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ኒሲን የተባለ ባክቴሪዮሲን ከ1969 ጀምሮ ምግብን ከመበላሸት ለመጠበቅ እንዲያገለግል በዓለም አቀፍ የምግብና የጤና ሊቃውንት ተፈቅዷል።

በአገራችን እናቶቻችን እርጎ ሲያረጉና የእንጀራ ሊጥ ሲያቦኩ፣ ስሙን ሳያውቁት በዚህ ጦርነት ሲጠቀሙ ኖረዋል። የእርጎውና የሊጡ መኮምጠጥ አንዱ ወገን ላክቲክ አሲድ አፍስሶ ሌላውን ማባረሩን ያሳያል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እርጎ ከሆነ ያልተፈላ ወተትም አይጎዳም» የሚል ሰው እንዳይኖር እናስጠነቅቃለን። የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴላ ባክቴሪያዎች በታመመች ላም ወተት ሊገኙ ይችላሉ፤ ኮምጣጣነቱም ሁልጊዜ አያጠፋቸውም። ወተቱን አስቀድሞ ማፍላት፣ ከቀዘቀዘም በኋላ በንጹሕ ዕቃ ማርጋት ይገባል።

የአንጀት ዘበኞችና የመድኃኒት ብልቃጥ

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ነው። በአንጀታችን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በመርዝ፣ በአሲድ፣ ምግብንም ቀድሞ በመብላት ለእንግዳ በሽታ ቦታ ይከለክላሉ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንደሚባለው፣ ባለቤቶቹ በቦታቸው ሳሉ እንግዳው በቀላሉ አይደፍርም። በ1954 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለአይጦች ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት አጠጥተው የአንጀታቸውን ባክቴሪያዎች አሳሱ። ቀድሞ አይጦቹን ለማሳመም 100,000 ያህል የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ያስፈልግ የነበረ ሲሆን፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ግን ከ10 ያነሰ በቃ። በ1978ም አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ በብርቱ ተቅማጥ የሚያዙ ሰዎችን ከሚያሳምሙት ዋነኛው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ መሆኑ ታወቀ፤ ዘበኞቹ በተገደሉበት ቤት የሚሠለጥን ሌባ ነው።

በአንድ የክረምት ወራት አንድ መምህር የአራት ዓመት ልጃቸውን ታቅፈው ወደ ሥራችን ቦታ መጡ። ልጁ ተቅማጥ በጀመረው በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚህ ቀደም ለሌላ የቤተሰብ ሕመም ተገዝቶ የተረፈ የአንቲባዮቲክ እንክብል ከፍለው ሰጥተውታል። በሁለተኛው ቀን አልቆም ሲለው ጨመሩለት፤ «ውኃ ተቅማጡን ያባብሳል» ስለተባሉም የሚጠጣ ነገር ከለከሉት። በአራተኛው ቀን ልጁ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ አፉ ደርቆ፣ ሲያለቅስም እንባ አጥቶ ነበር። በጨውና በስኳር የተቀመመውን ኦ አር ኤስ የተባለ መጠጥ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት እየሰጠን ሌሊቱን አብረናቸው አደርን። በማግሥቱ ወደ ቀትር ገደማ ልጁ ሽንቱን ሸና፤ አባትየው ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው አለቀሱ።

ተቅማጡን ያባባሰው እንክብሉ ነው ብለን በእርግጥ ለመናገር አንችልም። ልጁን ለሞት ያቀረበው የውኃ እጦት መሆኑ ግን የታወቀ ነው። እንክብሉ አባትየውን «መድኃኒት ሰጥቻለሁ» በሚል ተስፋ አዘናግቶ ሦስት ቀን አስጠፍቶባቸዋል። የሕፃናት ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ አያሻውም፤ ከሚያመጡትም ብዙዎቹ ቫይረሶች ስለሆኑ አንቲባዮቲክ አይነካቸውም። ያለ ፍላጎቱ የተሰጠው መድኃኒት በሽታውን ሳይነካ ዘበኞቹን ይገድላል። ይህ ነው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት። መምህሩ ልጃቸው ከዳነ በኋላ «ይህን ለባልደረቦቼ ጻፉልኝ» ብለው ስለለመኑን ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል።

ጉዳቱ በአንድ ቤት ብቻ አይቀርም። ከላይ እንዳየነው ተቋቋሚው ዝርያ ሁልጊዜ ተራውን ይጠብቃል። አንቲባዮቲክ በከንቱ በተሰጠ ቁጥር ተጠቂዎቹ ያልቃሉ፤ ተቋቋሚዎቹ ርስቱን ይወርሳሉ። በ2019 በዓለም ላይ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን ያህል መሆኑ ተገምቷል።

ልንጠብቃቸው የሚገቡ ሥርዓቶች

1. ሐኪም ወይም የጤና ባለሙያ ሳያዝ አንቲባዮቲክ አይወሰድ፤ ለልጅም አይሰጥ። የተረፈ እንክብል ለሌላ ቀን አይቀመጥ፤ ለጎረቤትም አይዋስ።

2. የታዘዘ መድኃኒት በታዘዘው መጠንና ቀን ይወሰድ።

3. ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ጡትም፣ ምግብም፣ የሚጠጣም ነገር አይከልከል። አንዱን የኦ አር ኤስ ከረጢት በላዩ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት መስጠት ነው። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውም የዚንክ እንክብል ይጠቅመዋል።

4. ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ፣ ልጁ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ለደም ተቅማጥ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልግ ስለሆነ የሚመርጠው ባለሙያ ነው።

5. ከመጸዳጃ ቤት መልስና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ አይዘንጋ። ዘበኛ ቢኖርም በርን ከፍቶ ማደር አይገባም።

ለመምህራን

በክፍል ውስጥ ባክቴሪያ ማሳደግ አደገኛ ስለሆነ አንመክረውም። በዚህ ፈንታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ 36 ካሬዎች ሠርታችሁ በየአንዳንዱ ገ (ገዳይ)፣ ተ (ተጠቂ) ወይም ቋ (ተቋቋሚ) ጻፉ። ተማሪዎች በየተራ ሁለት አጎራባች ካሬዎችን ዓይናቸውን ጨፍነው ይምረጡ። ገ ተን፣ ተ ቋን፣ ቋም ገን ያሸንፋል፤ የተሸነፈው ካሬ ተደምስሶ የአሸናፊው ፊደል ይጻፍበት። የአንዱ ሠፈር ሌላውን ሲገፋና እርሱም በተራው ሲገፋ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያም እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቋቸው፦

ሀ. ኮሊሲን ዘመዱን ገድሎ ሩቁን የማይነካው ስለ ምንድን ነው?
ለ. ገዳዩ ዝርያ በፈሳሽ ውስጥ በቁጥር ሲያንስ የማያሸንፈው ለምንድን ነው?
ሐ. ከሰሌዳው ላይ ተ ሁሉ ቢደመሰስ በመጨረሻ የሚቀረው ማን ነው? ይህስ በቤታችን ካለው የመድኃኒት ብልቃጥ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ልጆቹ ወደ ቤት ወስደው ወላጆቻቸውን እንዲጠይቁ ብታደርጉ የዚህ ትምህርት ፍሬ ከክፍል አልፎ ወደየቤቱ ይገባል።